ስለ ቅዱስ መንገድና በዐለት ላይ ስለ ተቀረጹ መታሰቢያዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፥ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

የተወደዳችሁ የይፋግ ካህናትና ምእመናን፤ ደብራችን የኢዮቤልዩዋን ዓመት ለማየት ስለ በቃች፥ ለዚህ መታሰቢያ መጽሐፍ ጥቂት ቃል እንድጽፍ ታዝዣለሁ። የምጽፍበትን ነገር ለመምረጥ ብዙ አልደከምኩም፤ ከእናንተ መካከል አያሌ ሰዎች ደጋግመው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ አለና። ይኸውም፥ «ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ የጌታችንን ሕማም የሚያሳዩ የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ምስሎች ብናቆም መልካም አይደለምን? በሌላ አገር እንዲህ ያለ መንገድ አለ ይባላል፤ በእኛ አገርስ ኖሮ ያውቃልን?» የሚል ነው። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ስለ ኾነ በአንድ ቃል «ይኹን» ወይም «ይቅር» ተብሎ አይመለስም። ስለዚህ አስቀድሞ ታሪኩን ከሥሩ መመርመር ይገባል፤ ምክሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮጳውያን አቈጣጠር መኾናቸውን አንባቢው ያስተውል።

እግዚአብሔር የተገለጠበትን ስፍራ በድንጋይ ማመልከት ከጥንት የነበረ ልማድ ነው። ያዕቆብ መሰላልን በሕልሙ ካየ በኋላ ማልዶ ተነሥቶ የተንተራሰውን ድንጋይ ሐውልት አድርጎ አቆመው፤ ዘይትም አፍስሶበት ስፍራውን ቤቴል ብሎ ጠራው። ኢያሱም ሕዝቡ ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች አስወጥቶ በጌልገላ አቆመ፤ ይህን ማድረጉም በኋላ ዘመን ልጆች የድንጋዩን ነገር ሲጠይቁ አባቶች ታሪኩን እንዲነግሯቸው ነው። በዚህ ነገር ሁለት ቁም ነገር እናገኛለን። አንደኛው፥ እነዚያ ድንጋዮች የሰው መልክ አልተቀረጸባቸውም፤ ስፍራንና ስምን ብቻ ያመለክቱ ነበር። ሁለተኛው፥ ድንጋይ ብቻውን አይናገርም፤ የሚጠይቅ ልጅና የሚመልስ አባት ያስፈልጉታል። እነዚህን ሁለቱን እስከ ፍጻሜው በልባችን እንያዛቸው።

በሐዲስ ኪዳንም የጌታችንን ፍለጋ ተከትሎ በእግር መሄድ የተጀመረው በዚያው በኢየሩሳሌም ነው። ከ381 እስከ 384 ባለው ዘመን ኤጌርያ የተባለች ክርስቲያን ሴት ከምዕራብ አገር ተነሥታ ወደዚያ ሄዳ ነበር፤ ያየችውንም ጽፋለች። በሆሳዕና ሕዝቡ ሁሉ ዘንባባ ይዞ ከደብረ ዘይት ወደ ከተማ ይወርድ እንደ ነበር፥ በጸሎተ ሐሙስም ሌሊት ከጳጳሱ ጋር እየዘመረ በጌቴሴማኒ በኩል አልፎ እስከ ከተማ በእግሩ ይሄድ እንደ ነበር ከጽሑፏ እንረዳለን። በዚያ ዘመን በመንገዱ የቆመ ምስል አልነበረም፤ ወንጌሉ በየስፍራው ይነበብ ነበር እንጂ። ስፍራው ራሱ ምስል ነበረ።

ዛሬ በኢየሩሳሌም የሕማም መንገድ በሚባለው ጎዳና የላቲን ክርስቲያኖች 14 ማረፊያዎችን ይቈጥራሉ። ከእነዚህ 9ኙ በመንገዱ ላይ ናቸው፤ 5ቱ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይገኛሉ። ዘጠነኛው፥ ጌታችን ሦስተኛ ጊዜ የወደቀበት ነው የሚሉት ስፍራ፥ በእኛ በዴር ሡልጣን ገዳም መግቢያ አጠገብ ነው፤ ምልክቱም የቆየ የድንጋይ ዓምድ ነው። አባቶቻችን መነኮሳት በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ በጠባብ ጎጆ ተወስነው፥ መከራውን ሁሉ ታግሠው ያን ስፍራ ሲጠብቁ ኖረዋል። እንግዲህ የኢትዮጵያ ሰው ለዚህ መንገድ እንግዳ አይደለም፤ በደጁ ተቀምጦ የኖረ ነው።

ኾኖም ወደ ኢየሩሳሌም መድረስ ለሁሉ አልተቻለም። ባሕሩ፥ በረሃው፥ ጦርነቱ፥ ድህነቱም ያግዳል። ስለዚህ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ክርስቲያኖች፥ «እኛ ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ ካልቻልን ኢየሩሳሌም ወደ እኛ ትምጣ» የሚል አሳብ አደረባቸው። በሰሜን ኢጣልያ በርናርዲኖ ካይሚ የተባለ፥ ቅድስት አገርን ያየ የፍራንሲስ ማኅበር መነኩሴ፥ በ1486 ከሮማው ፓፓ ፈቃድ ተቀብሎ ቫራሎ በተባለች ከተማ በላይ ባለው ተራራ ቅዱሳት መካናትን የሚመስሉ ሕንጻዎችን ማሠራት ጀመረ። ሥራው ከእርሱ በኋላ ብዙ ዘመን ቀጥሎ ከ40 በላይ የጸሎት ቤቶች ተሠሩ፤ በውስጣቸውም በሰው ቁመት ልክ የተሠሩና ቀለም የተቀቡ በመቶ የሚቈጠሩ ምስሎች ቆሙ። በፖላንድም አገር ከ1600 ጀምሮ ሚኮላይ ዜብዚዶቭስኪ የተባለው መኰንን በርስቱ ላይ እንዲሁ አደረገ፤ አንዱን ኮረብታ ጎልጎታ፥ አንዱን ደብረ ዘይት፥ ወንዙንም ቄድሮን አሰኘው። የማረፊያዎቹም ቍጥር 14 ይኹን ተብሎ በሮማው ፓፓ በቀሌምንጦስ 12ኛ የተወሰነው በ1731 ነው። ከዚያ ወዲህ በኮረብታውና በሜዳው ሁሉ በድንጋይና በነሐስ ምስል የተሠራ የመስቀል መንገድ በላቲኖች አገር በዛ። የጠያቂዎቻችን ወሬ የመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ይፋግ ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነጋዴ መናኸሪያ የነበረች የታወቀች ገበያ ናት። ከገበያተኛው ሌላ ግን በዚህ አገር መንገደኛ ዘወትር ያልፍ ነበር፤ ይኸውም ለገና ወደ ላስታ የሚወርደው ተሳላሚ ነው። ደብረ ታቦርን አልፎ፥ የጋይንትን ደጋ ተሻግሮ፥ በነፋስ መውጫ በኩል መቄትን አቋርጦ፥ ከጋሸና ወደ ሰሜን ታጥፎ ላሊበላ ይገባል። ዛሬ በዚያው አቅጣጫ የመኪና መንገድ አለ፤ ነገር ግን ስለ ስእለቱ ጫማውን አውልቆ፥ በሶውን ቋጥሮ በእግሩ የሚሄድ አሁንም አልጠፋም። የጥያቄያችን መልስ የሚገኘው በዚህ ተሳላሚ መንገድ መጨረሻ ነው።

ቅዱስ ላሊበላ የነገሠው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነው። በ1187 ሳላሐዲን ኢየሩሳሌምን ስለ ያዘ ንጉሡ ሁለተኛ ኢየሩሳሌምን በአገሩ ሊሠራ ተነሣ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ገድሉ ግን ነገሩን በሰማይ ላየው ራእይ ይሰጣል። በዚህ ዘመን ዐለቱን የመረመሩ ሊቃውንትም ሥራው ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዳልተፈጸመ፥ ከእርሱ በፊት ተጀምሮ በየጊዜው የተጨመረበትና የተለወጠ እንዳለ ይናገራሉ። ይህ የቅዱሱን ክብር አይቀንስም፤ አንድ ትውልድ የጀመረውን ሌላው መፈጸሙ የቤተ ክርስቲያን ልማድ ነውና። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ሥራ በዓይኑ አይቶ፥ አንባቢ አያምነኝም ብሎ እየፈራ ስለ እውነቱ ምሎ ጽፏል፤ መጽሐፉም በ1540 በሊዝቦን ታተመ።

ተሳላሚው ወደ ላሊበላ በገባ ጊዜ የሚያየውን እንደ መንገዱ ተራ እንከተል። በምዕራብ በኩል በጥልቁ የዐለት ቦይ ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያ የሚቀበለው መቃብረ አዳም የሚባለው ነው። ይህ ከዐለቱ ተቈርጦ ብቻውን የቆመ፥ ውስጡ የተፈለፈለ ታላቅ ድንጋይ ነው፤ በሩም ነው፥ መታሰቢያም ነው። ከኋላው ቤተ ጎልጎታ አለ። ምሥጢሩን የተማረ ሰው ወዲያው ያስተውለዋል፤ አዳም በጎልጎታ ተቀበረ፥ የሁለተኛው አዳም ደምም በመጀመሪያው አዳም ራስ ላይ ፈሰሰ ተብሎ ይተረጐማልና። በኢየሩሳሌምም ከጎልጎታ በታች የአዳም ስፍራ የሚባል አለ። ላሊበላ ግን ይህን ትርጓሜ በእግር የሚታለፍበት አደረገው፤ ተሳላሚው በአዳም ሞት በኩል ሳያልፍ ወደ ጎልጎታ አይደርስም።

በቤተ ጎልጎታ ውስጥ በግድግዳው ላይ በሰው ቁመት ልክ የተቀረጹ የቅዱሳን መልኮች አሉ፤ ይህም በአገራችን እጅግ ጥቂት ስለ ኾነ ሊቃውንት ሁሉ ይደነቁበታል። ነገር ግን እነዚህ በውስጥ ያሉ፥ ከግድግዳውም ያልተለዩ ናቸው። በውጭ ደግሞ ቤተ ማርያም በደረስን ጊዜ ከምዕራቡ ደጅ በላይ ፈረሰኞች ከአውሬ ጋር ሲዋጉ ተቀርጾ ይታያል። ዝናብና ፀሐይ ቢፈራረቁበትም እስከ ዛሬ መልኩ ይለያል። እርሱም ቢኾን ከቤተ ክርስቲያኑ አካል አልተለየም፤ ቤቱ ሲቀረጽ ፈረሰኛው አብሮ ተቀረጸ እንጂ ኋላ አምጥተው አላቆሙትም።

ከዚህ ወጥተን ወደ ምሥራቁ ክፍል ለመሻገር ስንሻ ዮርዳኖስ የሚባለው ፈፋ ያገኘናል። ይህ ሁለቱን የአብያተ ክርስቲያናት ክፍል የሚለይ፥ በዐለት የተቈፈረ ቦይ ነው፤ በክረምት ውሃ ይወርድበታል፥ በበጋ ግን ይደርቃል። በመካከሉ ከአንድ ድንጋይ የተቀረጸ መስቀል ቆሟል። ጣራ የለውም፥ ቅጥር የለውም። አንባቢ ሆይ፥ በውጭ አገር በቅዱስ መንገድ ዳር የሚቆመውን ቅርጽ በአገራችን ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም። የጌታችንን ጥምቀት ለማሳሰብ የጌታችን መልክ አልቆመም፥ የዮሐንስም መልክ አልቆመም፤ ወንዝ፥ ስም፥ መስቀል ብቻ። የቀረውን ተሳላሚው በልቡ ይሥላል። ኢያሱ በዮርዳኖስ ያደረገውን እዚህ ላይ አስቡ።

ከዮርዳኖስ ማዶ ቤተ አማኑኤል፥ ቤተ መርቆሬዎስ፥ ቤተ አባ ሊባኖስ፥ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል አሉ፤ ቤተ ልሔምም በዚያ ነው። በዚህ ክፍል ሲኦል ተብሎ የሚጠራ ጨለማ ዋሻ አለ፤ ተሳላሚው ያለ መብራት ግድግዳውን እየዳሰሰ ያልፍበታል፥ በመጨረሻም ብርሃን ያያል። ወደ መንግሥተ ሰማያት የሚያወጣ መንገድ የሚባል ቀጭን የዐለት ጫፍም አለ። ለብቻው ርቆ ያለው ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ራሱ መስቀል ነው፤ ከላይ ሲታይ በጣራው ላይ መስቀል በመስቀል ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቀርጿል። በአጠገቡም በዐለቱ ላይ ያለውን ጐድጓዳ ምልክት የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው ብለው አባቶች ያሳያሉ። ታኅሣሥ 29 ቀን ሲደርስ ካህናቱ ከቤተ ማርያም ቅጥር ዙሪያ በላይና በታች ቆመው «ቤዛ ኵሉ» የተባለውን ሲያሸበሽቡ ያ ዐለት ሁሉ አንድ ቅኔ ማሕሌት ይኾናል።

እንግዲህ ዘመኑን አስተያዩ። የቫራሎው ተራራ ሥራ ሲጀመር የላሊበላ ዐለት ከተቀረጸ ወደ 300 ዓመት ሊሞላው ነበር። የሁለቱ አሳብ አንድ ነው፤ ኢየሩሳሌምን መሄድ ላልቻለ ሰው ማቅረብ ነው። አካሄዳቸው ግን ይለያያል። በዚያ ምስሉ ቆሞ ሰውየው ያየዋል፤ በእኛ ግን ስፍራው ተከፍቶ ሰውየው ይገባበታል። በዚያ ዓይን ይሠራል፤ በእኛ እግርና ጉልበት ይሠራሉ። እኔ የቅኔ ተማሪ ስለ ኾንሁ በቅኔ ልማድ ልናገር፤ ድንጋዩ ሰም ነው፥ ምሥጢሩ ወርቅ ነው። ወርቁን ያላገኘ ሰው በሰሙ ላይ ይቆማል፤ ሰሙን የናቀ ደግሞ ወርቁን የሚያፈስበት አያገኝም። አባቶቻችን ሰሙ ከልክ በላይ እንዳይገዝፍ ብለው ጥቂት መልክ፥ ብዙ ስም ሰጡን።

ይህን ስል ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕልን ትጠላለች ማለቴ አይደለም። አጼ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀል ስግደት እንዲገባ በብርቱ ማዘዛቸው የታወቀ ነው። በአዲስ አበባም በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በውጭ የአራቱ ወንጌላውያን ሐውልት ቆሟል። ስለዚህ ሐውልት ባየ ጊዜ ወንድሙን መናፍቅ ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ነገር ግን የሕማሙን መንገድ በተመለከተ ለእኛ የተሰጠን ሥርዓት ሌላ ነው። ላቲኖች 14 ማረፊያ ሲቈጥሩ እኛ 13ቱን ሕማማተ መስቀል እንቈጥራለን። እነዚህም በመንገድ ዳር አልቆሙም፤ በግብረ ሕማማት ንባብ ይሰማሉ፥ በሰሙነ ሕማማት ስግደት ይፈጸማሉ። በዕለተ ስቅለት ከጧት እስከ ማታ የሚሰግድ ምእመን፥ ሲመሽም በወይራ ቅጠል ጀርባውን የሚጠበጠብ ሰው፥ እርሱ ራሱ የሕማሙ ሕያው ምስል ነው። ላብ ያለበት፥ የሚንበረከክና የሚነሣ ምስል! ሲሚንቶ ይህን ሊተካ ይችላልን?

ደግሞም ይህ ስፍራን በቅዱስ ስም የመጥራት ሥርዓት በላስታ ብቻ አልቀረም፤ እኛ ያለንበትን ደጋ ሁሉ ሞልቶታል። በራስ ጉግሣ ዘመን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተቈረቈረችው ከተማ ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን በገለጠበት ተራራ ስም ደብረ ታቦር ተብላለች፤ ልጆቻችንም ነሐሴ 13 ቀን በየደጁ ጅራፍ እያጮሁ፥ ችቦ እያበሩ ያንን ተራራ ያስቡታል። በጋይንት ደግሞ ቤተ ልሔም አለች፤ የድጓ መምህራን የሚመሰከሩባት ደብር ናት። በውስጧ ያለውን፥ በኋላ ዘመን በተሠራ ክብ ጣራ የተሸፈነውን ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ መቅደስ በ1955 ቶማስ ፓክንሃም የተባለ ጸሓፊ አይቶ ለውጭው ዓለም አስታውቋል። ከዚያው አገር ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ነው፤ ደብረ ታቦር የተክሌ አቋቋም፥ ከጋሸና በኩል ያለው ዋድላም የቅኔ አገር ነው። ተማሪ ቅሉንና አኩፋዳውን ይዞ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ ከታቦር ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል ማለት ነው። ይህ የእግር መንገድ ቅዱስ መንገድ ካልተባለ ምን ይባላል? በዳሩ ምስል የለም፤ ነገር ግን በየማረፊያው መምህር አለ።

አሁን ወደ ምክሩ ልድረስ። አስቀድሞ ከላሊበላ ራሷ የሚያሳዝነውን እንማር። የላሊበላ ዐለት ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ስለ ለሰለሰ ተቀረጸ፥ ስለ ለሰለሰም ያልቃል። ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፥ ፀሐይ ያደርቀዋል፥ የብዙ ሺህ ተሳላሚም እግር ይፍቀዋል። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፤ በ2000 ዓ.ም. አካባቢም ከዝናብ እንዲያስጠልሉ ታላላቅ የብረት መጠለያዎች በአንዳንዶቹ ላይ ተተከሉ። መጠለያዎቹ ለጊዜው የታሰቡ ነበሩ፤ ነገር ግን ቆዩ፥ ሕዝቡም ክብደታቸው ዐለቱን እንዳይጎዳ ሰግቶ በ2011 ዓ.ም. ሰልፍ ወጥቶ ጮኸ። ይህን ሁሉ ያነሣሁት፥ በደጅ የቆመ የድንጋይ ሥራ ከቆመበት ቀን ጀምሮ ጠባቂ እንደሚሻ እንድታውቁ ነው። ንጉሥ ያስቀረጸው እንዲህ ጥበቃ ከፈለገ፥ እኛ በመዋጮ የምናቆመው የሲሚንቶ ምስል ከ10 ክረምት በኋላ ምን ይመስላል? አፍንጫው የተሰበረ፥ ቀለሙ የተላጠ የጌታችን ምስል በመንገድ ዳር ቢታይ የሚያልፈው ሕፃን የሚማረው ፍቅርን አይደለም፥ ንቀትን ነው።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው መንገድ አሮጊቶች ከሩቅ ደርሰው የሚሳለሙባቸው፥ ደካሞች የሚያርፉባቸው የቆዩ ድንጋዮችና ዛፎች ካሉ አንዱም ለግንብ ተብሎ እንዳይፈለጥ፥ ለማገዶም እንዳይቈረጥ ይከለከል። መታሰቢያ መጨመር ግድ ከኾነ፥ ከዚሁ አገር ድንጋይ 13 ድንጋዮች በ13 ስፍራ ይቁሙ፤ በያንዳንዱ ላይ አንድ መስቀል ብቻ ይቀረጽ፥ ስማቸውም እንደ 13ቱ ሕማማተ መስቀል ይኹን። ይህንም ቢኾን ካህናቱ ተማክረው፥ ከአባቶች ፈቃድ ተቀብለው ያድርጉት እንጂ ማንም በገዛ እጁ አያድርገው። በሰሙነ ሕማማትም መምህሩ ልጆችን ሰብስቦ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየወሰደ በየስፍራው ትርጓሜውን ይንገራቸው። ከመዋጮው የሚተርፈው ገንዘብ ግን ለአብነት ተማሪዎች ልብስና ለመምህሩ ቀለብ ይዋል።

የዚህን ምክንያት አስቀድሜ ተናግሬአለሁ፤ ድንጋይ ብቻውን አይናገርም። ላሊበላ እስከ ዛሬ ኢየሩሳሌም ኾና የኖረችው ዐለቷ ስለ ጸና ብቻ አይደለም፤ «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ «ይህ ዮርዳኖስ ነው፥ ይህ መቃብረ አዳም ነው» ብሎ የሚመልስ ካህን በየትውልዱ ስላልጠፋ ነው። ያ ካህን ቢጠፋ መስቀሉ በፈፋ ውስጥ የቆመ ድንጋይ ብቻ ይኾናል። የእኛም ደብር የሚመጣውን ኢዮቤልዩ ስታከብር፥ የዛሬዎቹ ሕፃናት ሽማግሎች ኾነው የመንገዱን ስም ለልጆቻቸው ሲቈጥሩ ቢሰሙ፥ ከሐውልት ሁሉ የሚበልጥ ሐውልት አቆምን ማለት ነው።

እግዚአብሔር ደብራችንን ከጥፋት፥ ካህናቷን ከድካም፥ ምእመናኗን ከመለያየት ይጠብቅልን። ወደ ላሊበላ የሚወርዱትን ተሳላሚዎች በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልስልን፤ ለሁላችንም የምድሩን መንገድ ፈጽመን ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ለመግባት ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።